ግድግዳዬ ላይ ያለው ሰማያዊ መስመር

ኅዳር 3 ቀን 2006
የውሃ ካሮው፣ የአህያ ጋሪው፣ ዛሬም አረፈደ። አህያው ታሟል አሉ። ሁለት ጀሪካን ብቻ ቀዳሁ። ጉልበቴ...
ከሰዓት የሰፈራችን ተጠሪ ጋረደው በር ለበር ዞረ። ነገ ከካርቱምና ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ይመጣሉ። ከተማችን ገዳሪፍ ጎርፍ እንድትችል ሊያጠኑ ነው፣ ከእኛ ጋር አብረው። ከእኛ ጋር? ከተሰደድን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማን ምን ጠየቀን?

ኅዳር 4
መጡ። የምታስተረጉመው ሪሃብ ናት፣ የባለሱቁ የያዕቁብ ልጅ። እዚሁ ተወልዳ ካርቱም ትማራለች። በአረብኛ አክስቴ እያለች ሰማያዊ ቀለምና ብሩሽ ሰጠችኝ።
«ኻልቲ፣ አምና ነሐሴ ውሃው ቤትሽ እስከየት ገባ? እዚያ ጋ አስምሪ።»
የጎረቤቴ የኡምሰልማ ድምፅ ባጥሩ መጣ። «ከፍ አድርጊው እንጂ። ጉልበት ድረስ ብቻ ካልሽ ማን ዞር ብሎ ያይሻል?»
ካምፕ የኖርን ሰዎች ነን። የእርዳታ መዝጋቢ ሲመጣ በሽተኛ ይበዛል፣ ደህናው ብርድ ልብስ ይደበቃል። እጄ በራሱ ከፍ አለ። ደረቴ ጋ አሰመርኩ። ኡምሰልማ ከመስኮቷ በላይ።
«አንች ታዲያ እንዴት ተረፍሽ?» አልኳት።
«ዋና እችላለሁ።»
ሳልስቅ ስንት ጊዜዬ ነበር...

ኅዳር 19
ምንም የለም። ሙቀት።

ታኅሣሥ 11
ስብሰባ ተጠራን። ካርታ ዘረጉ። ሰፈራችን በሙሉ ቀይ።
ጋረደው ደስ አለው። «ቀዩ እርዳታ የሚሰጠው ነው?»
«ላ፣ አይደለም ጋሼ» አለች ሪሃብ። «ቀዩ ሰው መኖር የማይችልበት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ከከተማ ያስወጣችኋል። ቢጫ ብትሆኑ ቦይ ይቆፈርላችሁ ነበር።»

ቤቴ ከፋሽጋ እርሻ የሰሊጥ አጨዳ እየተመለስኩ፣ ጭቃውን በእግሬ አቡክቼ የሠራሁት ነው። ደግሞ ተነሽ? ወዴት?

ታኅሣሥ 12
ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለበጥኩት። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ አጻጻፌ የተንጋደደ። ግን አለ። ነሐሴ 14፦ «ውሃ ገባ። ጉልበቴ ድረስ። ጠዋት ወጣ።»
እኔው ጽፌው፣ እኔው ዋሸሁ። ባሳየው ሰፈሩ ሁሉ ውሸታም ይባላል። ዝም ብልስ?

ታኅሣሥ 13
ለጋረደው ነገርኩት።
«ልታዋርጂን ነው፣ እትዬ ተናኘ?»
«መነሳቱ ይሻላል?»
 የሱ ቤት ኸሩ አፍ ላይ ነው። ኸሩ በጋ ደረቅ ወንዝ ነው፣ ክረምት ግን...
«እኔ ቤት እውነትም መስኮት ደርሷል» አለ። «ሁላችን ብንሄድ አብረን እንሄዳለን። ብቻዬን ልሂድ?»
 

ታኅሣሥ 15
ደግሞ ስብሰባ ተጠራን፣ ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። ሪሃብ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። ራሴ አነበብኩላት። ለሰው ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። አንዷን መስመር ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ቆምኩ።
ኡምሰልማ ከኋላ ተነሳች። «የኔም ጉልበት ድረስ ነው። ዋናም አልችልም።»
ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያ ሌላ።
«ለምን እንዲህ አደረጋችሁ ኻልቲ?» አለች ሪሃብ።
«አንች ካምፕ ለዱቄት ተሰልፈሽ አታውቂም፣ ልጄ» አልኳት።

የካቲት 27
አዲሱ ካርታ መጣ። ቢጫ ነን። ኸሩ አፍ ላይ ያሉት ሦስት ቤቶች ግን ቀይ እንደሆኑ ቀሩ። ጋረደው ትናንት ዕቃውን ካሮ ላይ ጫነ። ገመዱን ልይዝለት ቀረብኩ። ተቀብሎኝ ራሱ አሰረው፣ ቀና ብሎም አላየኝም።
ሪሃብ ሜትርና አዲስ ደብተር ሰጥታኛለች። ከዚህ ክረምት ጀምሮ የየቤቱን ውሃ ለክቼ የምጽፈው እኔ ነኝ።
ዛሬ ደረቴ ጋ ያለውን መስመር ኖራ ቀባሁት። ጉልበቴ ጋ አዲስ አሰመርኩ፣ ቀኑን አጠገቡ ጻፍኩ።
ኖራው ሲደርቅ የድሮው ሰማያዊ ከሥር ታየ። ልደግመው ብሩሹን አነሳሁ... ተውኩት።