እየዘፈኑ ፒያኖ መጫወትን በአርባ ዓመታቸው የለመዱት የእታለም የሕይወት ታሪክ

እታለም ከአናጺው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በበኩርነት የተወለዱት ከዛሬ ስልሳ ሰባት ዓመት በፊት ነው። ሰባት ዓመት ቆይቼ የተከተልኩት እኔ፣ የዚህ ታሪክ ጸሐፊ፣ ብቸኛ እህታቸው ነኝ።

እስከ ስምንተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ተምረው፣ የእናታችን ዐይን ሲደክም የስፌት መኪናው ላይ ተተኩ። ከዚያው ስፌት ገቢ ለአስተማሪ እየከፈሉ እኔን ስምንት ዓመት ፒያኖ አስተማሩኝ። በሃያ አራት ዓመታቸው ከአውቶቡስ ሾፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

አርባ ዓመት ሲሞላቸው፣ መጋረጃ ሊሰፉለት የሄዱበት ትምህርት ቤት ሊጥለው የነበረ አሮጌ ፒያኖ ለምነው አመጡ። መጀመሪያ በግራ እጃቸው አንዲት ቁልፍ ብቻ እየመቱ የዘፈኑን ቃል እንደ ወሬ ይናገሩ ነበር። ድምፃቸው ሲወጣ እጃቸው ይቆማል፤ እጃቸው ሲሄድ ቃሉ ይጠፋቸዋል። እኔም በልቤ ደስ አለኝ። በዓመቱ ግን ጎረቤቱ መስኮታቸው ሥር ቆሞ ያዳምጥ ጀመር። የገዛ ልጄ እንኳ፣ ቤቷ ፒያኖ እያላት፣ እሳቸው ዘንድ ነበር የምትውለው። እኔ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ሁሉ እጫወታለሁ፤ አፌን የከፈትኩ እንደሆነ ግን ጣቶቼ ይተሳሰራሉ። ቅናት አንጀቴን በላው።

ሴት ልጃቸው ስታገባ እናቷ እንዲዘፍኑላት ለመነች። እሳቸውም አማከሩኝ። ድምፃቸው ከፒያኖው ጋር እንደማይሄድ፣ ሰው ፊት እንደሚያፍሩ ነገርኳቸው። ውሸቴን ነበር። የተማረች ናት ብለው አመኑኝ። ክዳኑን ዘግተው ላዩ ላይ ጨርቅ ደረደሩበት። ከሁለት ዓመት በኋላ እጃቸውን ይዛ ወደ ፒያኖው የመለሰቻቸው ልጄ ናት።

ባለፈው ዓመት የኩላሊት ሕመም ሲጸናባቸው፣ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ሁሉንም ተናገርኩ። «ዐውቄዋለሁ፤ እኔስ አንቺ ስትማሪ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ መኪናዬን እየረገጥኩ ስቀናብሽ አልነበር? ጣትሽን በር በቆነጠጠው ያልኩበትም ቀን አለ» አሉኝ። ሳቁ፤ ሳቁም አሳላቸው።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሰኞ ጠዋት በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን።

እኔ ግን ከእንግዲህ የምቀናባት እህት የለችኝም።