መቀነቴን የያዝክበት ቀን

ውድ ወንድሜ ላቀው፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው። ዕድሜ ልኬን «አንቱ፣ ወንድም ጋሼ» ስልህ ኖሬያለሁ፤ ዛሬስ አልልህም። አንጀቴ አሯል።

ጎረቤትህ ጋሽ ሀብተሚካኤል መልእክትህን ይዘው ፍኖተ ሰላም ድረስ መጡ። ያምሮት ለእናታችን ተዝካር ከመምጣቷ በፊት ገብስማ ዶሮ ይዛ ወንዝ ትውረድ፣ ለጋኔኑ ምትክ ትስጥ፣ አለዚያ ደጄን አትርገጥ ብለሃል። ሽማግሌው ሲናገሩ አፍረው መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። እህታችን ለተዝካሩ ያዘጋጀችውን ነጠላ አጣጥፋ ወደ ሳጥኑ መለሰችው። የማርያም ጽዋ የምትጠጣ ሰው ለጋኔን ዶሮ ታስገብራለህ? ኧረ እፈር!

እስቲ ያንን ቀን አስታውሰው። ካቻምና ጳጉሜ ነበር፤ ወንዙ ሞልቷል። እኛ ለዘመን መለወጫ ልብስ ልናጥብ፣ አንተ በቅሎህን ልታጠጣ አብረን ወረድን። ቀትር ላይ ጋቢህ፣ ያንተው ጋቢ ላቀው፣ ከያምሮት እጅ አመለጠ። ልትይዘው ስትንጠራራ ውሃው ወሰዳት። አንተ ዋና ታውቃለህ፤ ያንን ወንዝ ስታቋርጠው እያየሁ ነው ያደግሁት። ግን ቆምክ! እኔ ልገባ ስል መቀነቴን ጨምድደህ ያዝክና «ተይ! በቀትር ጋኔን የያዘውን የቀማ ምትኩን ከቤቱ ይሰጣል» አልከኝ። እጅህን ነከስኩህ፤ አለቀቅከኝም። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይላሉ፤ አንተን ገና ዳር ላይ አላበህ።

ከቡሬ በርበሬ ጭኖ ሲያልፍ ጩኸቴን የሰማው ነጋዴው አብዱልሀኪም ነው ከነልብሱ ዘሎ የገባው። በፀጉሯ ይዞ አወጣት። እኔ እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ አንተ ግን ጮህክበት፦

«ምነው ሰውዬ፣ ጉድ ሠራኸን! አንተን ጋኔኑ አያውቅህም፤ ምትኩን ከእኛ ነው የሚጠይቀው!»

ውሃው ከላዩ እየወረደ ትክ ብሎ አየህ። «ወንድሜ፣ ጋኔኑን ተወውና ልጅቷን አልብሳት፤ ብርድ ሊገድላት ነው» አለህ።

አላለበስካትም። ይባስ ብለህ «ጋኔን የነካው ቤቴ አይገባም» ብለህ ከእናቷ ጉያ አባረርካት። እማዬ ስትታመም እንኳ ከደጅ መለስካት። «ያምሮትዬስ?» እያለች ነው የሞተችው፤ ይህን እስክሞት አልረሳልህም!

ለማን እንደፈራህ አውቃለሁ። አንድ ልጅህን፣ ሰብሊን፣ ይወስድብኛል ብለህ ነው። አባት ነህ፣ ይገባኛል። ያምሮትስ የእናትህ ልጅ አይደለችም?

ስለዚህ ስማኝ። ዶሮ የለም። ለተዝካሩ ሁለታችንም እንመጣለን፤ ያምሮት ከፊት ሆና ትገባለች። ወንድ ከሆንክ በር ላይ ቆመህ ከልክላት፤ አገሬው ይይህ።

ሌላም ልንገርህ። ሰብሊን ለትምህርት እኔ ዘንድ ስታስቀምጣት ያምሮት እንዳትጠጋት አስጠንቅቀኸኝ ነበር። አልሰማሁህም። ያምሮት ውሃ ከወሰዳት ወዲህ ዋና ለምዳለች፤ በጋውን ሙሉ ሰብሊንም ስታስተምራት ከረመች። ልጅህ አሁን እንደ ዓሣ ትዋኛለች። «አክስቴ፣ አባዬን ወንዝ ቢወስደው ገብቼ አወጣዋለሁ» አለችኝ።

ታደርገዋለች፤ አውቃታለሁ። እኔ የምጸልየው ያን ቀን መቀነቷን ይዞ የሚያስቀራት ሰው ዳር ላይ እንዳይቆም ነው።

የእናትህ ልጅ፣
አምለሰት