ሱባዔ የገቡት የሆቴላችን ዓሦች

ይድረስ ለእታለም ጥሩወርቅ፣ ካለሽበት ቤሩት።

እንደምን ከርመሻል እታለም? ከደብረ ታቦር ብርድ የተረፈው ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ። ወገብሽስ እንዴት ነው? መስኮቱ ተወልውሎ የማያልቀው ያ አሥረኛ ፎቅስ ቀለለልሽ? ማዳምሽስ ልባቸው ራራ? ዓሦቻቸውስ ደኅና ናቸው? ስለ ዓሣ መጠየቄ አእምሮዬ ስለተነካ አይምሰልሽ፤ ምክንያቱን ከታች ታገኚዋለሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናታችን ጉልበታቸው ተሽሏቸው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳሉ፤ ገብሱም ጎተራ ገብቷል።

እኔ እንደምታውቂው በአቶ ደምሴ ሆቴል ለእንግዳ ቁልፍ አቀባይ ነኝ፤ ታናሽ እህታችን ሕይወትም ትምህርት ቤት የምትቆየው በዚችው ሥራ ነው። አቶ ደምሴ የባሕር ዳርን ሆቴሎች አይተው ከተመለሱ ወዲህ እንቅልፍ አጡና፣ በጥር ወር መግቢያው ላይ የመስታወት ገንዳ አቁመው አሥራ ስምንት ቀያይ ዓሦች አስመጡ። የዓሦቹ አለቃ ሆኖ የተሾመው የእህታቸው ልጅ ይሻው ነው። ከዓሣ ጋር ምን ያገናኘዋል ብትዪኝ፣ ጣና ዳር ሁለት ዓመት ተቀምጦ ጥብሱን መብላቱ ነው። እንዲህ ከሆነ እኔም የዶሮ ሐኪም መባል ነበረብኝ። የእኔ ድርሻ ውሃ መቀየርና ተጠያቂ መሆን ነው። «አንድ ዓሣ ቢሞት ጌጡ፣ አንተን ነው የማውቀው፤ ቁልፉን አስረክበህ ወደ እርሻህ» ብለውኛል። ሹመቱ ለይሻው፣ ፍርዱ ለእኔ።

አንቺ የማዳምሽን ዓሦች ስለምትቀልቢ፣ ያኔ በስልክ የነገርሽኝን ጽፌ ከገንዳው ጎን ለጠፍሁት። ለቀለብ ከሚመጣው በበረዶ የደረቀ ትል ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ መቁረስ፣ በኩባያ ውሃ አቅልጦ በወንፊት ማጥለል፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል መስጠት፤ አንዴ የቀለጠውን ዳግመኛ በረዶ አለማድረግ፤ ሕያው ትል ከሆነም ከንጹሕ ውሃ እንጂ ከቦይ አለማምጣት። ይሻው አነበበና ሣቀ። «እህትህ የሰው ቤት ሠራተኛ እንጂ ምን ባለሙያ ናት?» አለ። «ልክ ነህ፤ እስካሁን አንድም ዓሣ አልገደለችም፤ ባለሙያ ለመባል ገና ይቀራታል» አልሁት።

የእርሱ ሙያ የሚገለጠው እንግዳ ሲሰበሰብ ነው። ወንበር ላይ ይወጣል፤ ከሉካንዳው ሥር ካለው ቦይ በጣሳ የዛቀውን ትል ከነጭቃው እየዘገነ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እያለ ያጎርሳቸዋል። እንግዶቹ ሲያጨበጭቡለት እንደገና ይዘግናል። ዓሣ እንደ ሠርግ እድምተኛ «በቃኝ» ብሎ በእጁ አይከላከል ነገር፣ የተረፈው ሥር ተኝቶ ይበሰብሳል፤ እኔ በቱቦ እየሳብሁ አወጣለሁ።

እንዲህ እያልን ሁዳዴ ገባ። ወጥ ሠሪያችን አሰለፈች ፍሪዘሩን በፈላ ውሃ አጥባ ለጾም አዘጋጀችው። ሥጋው በቅበላ አልቋል፤ የቀረ ፍስክ ከአዲስ አበባ በበረዶ ሣጥን የመጣው የዓሦቹ ቀይ ትል ብቻ ነበር። ይሻው «ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉ አሉ፤ ስለዚህ የዓሣ ቀለብም የጾም ነው» ብሎ ሊቅነቱን አስመሰከረ። አሰለፈች ግን «ወግድልኝ፤ ደም ያለበት ነገር ከቲማቲሜ ጋር አያድርም» ብላ ከነፌስታሉ ጓሮ አወጣችው። እኔ በዚያ ሳምንት ለለቅሶ አንበሳሜ ሄጄ ነበር። የቀረውን የነገረችኝ እሷው ናት።

ትሉ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ውሎ ሾርባ ሆነ። ይሻው ሾርባውን የቢራው ፍሪዘር ውስጥ ከተተና መልሶ ድንጋይ አደረገው። «ይኸው ደርቋል፤ ምን ጎደለው?» አለ አሉ። ቅዳሜ፣ ገበያተኛው ሆቴሉን በሞላበት ሰዓት፣ ጡብ ከመሰለው ትል ገምሶ ትልቁን ቁራጭ ገንዳው ውስጥ ጣለው። እሑድ ጠዋት ስመለስ ስድስቱ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተንሳፍፈዋል፤ ውሃው አተላ መስሏል።

አቶ ደምሴ ጉባዔ ጠሩ። ይሻው ከሁሉ ቀድሞ ተነሣና «ውሃውን የሚቀይረው ጌጡ ነው» አለ። እኔ የተረፈውን የትል ድንጋይ በኩባያ ሙቅ ውሃ አድርጌ አቶ ደምሴ አፍንጫ ሥር አስቀመጥሁና ተቀመጥሁ። አሰለፈች በነጠላዋ አፍንጫዋን ያዘች። አቶ ደምሴ ወንበራቸውን እየገፉ፣ እየገፉ ግድግዳው ጋ ደረሱ። እውነቱ ሸቷቸዋል፤ ግን የእህት ልጅ ነገር ሆነባቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ይህ የሰው ዓይን ነው። እንግዳው ሁሉ እያፈጠጠባቸው ነው የሞቱት» ብለው ፈረዱ። ቃለ ጉባዔ ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ገንዳውም ባለ አበባ መጋረጃ ተጋረደለት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «የቀሩት አሥራ ሁለት ናቸው። እስከ ፋሲካ አንዱ ቢጎድል አልምርህም» አሉ።

አሁን እንግዳ «መጋረጃው ምንድን ነው?» ሲለኝ «ዓሦቹ ሱባዔ ገብተዋል» እለዋለሁ። አንድ ሽማግሌማ ተሳልመውት አለፉ። ይሻው ግን ከተጋረደ ወዲህ ድርሽ አላለም። ማን አይቶት ይዘግን? ጭብጨባ የሌለው ዓሣ ለእርሱ ዓሣ አይደለም፤ አሁን አጎቱን በቀቀን ይግዙ እያለ ይመክራል። እኔ አዲስ ትል አስመጣሁ፤ አሰለፈችም በቢራው ፍሪዘር ጥግ በክዳን ዕቃ ታስቀምጥልኛለች። ጠዋት ጠዋት ጥፍር የምታህል ቆርሼ፣ አቅልጬ፣ አጥልዬ፣ እንዳልሽው እሰጣቸዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነ፤ አሥራ ሁለቱም አሉ። አቶ ደምሴ በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቀው ይቆጥሩና «አላልሁም? ዓይን ነበር» ይሉኛል። «ልክ ነዎት ጌታዬ» እላለሁ። ሰውየው በዕድሜያቸው አንዴ እንኳ ልክ ቢሆኑ ምን አለበት።

እናታችን ጉንጭሽን በናፍቆት ይስማሉ፤ ስለ ወገብሽም ስእለት ገብተዋል። አባታችን «ብርድ እንዳይመታት በላት» ብለዋል። ሕይወት በክፍሏ ሦስተኛ ወጥታ፣ «ለእታለም ሁለተኛ ብለህ ጻፍ» ብላኛለች፤ ስሚያት። አሰለፈችም ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች። ለማዳምሽ ዓሦችም ከእኛዎቹ ጤና ይስጥልኝ በያቸው።

ወንድምሽ ጌጡ
ደብረ ታቦር፣ መጋቢት ፲፱ ቀን ፳፻፫ ዓ.ም.