ሰኞ ጠዋት ልጅዎ ዝም ያለበት ምክንያት

ለእናቴ፣ ለባሌ እናት፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ከሁሉ አስቀድሜ እጅዎን እስማለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎት? የላክሁትን የቅርንፉድ ዘይት ማታ ማታ ያሹታል ወይስ እንደ ልማድዎ ለጎረቤት ሰጡት? እዚህ ላሙ ደሴት ያለነው አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ ከሙቀቱና ከአህዮቹ ጩኸት በቀር የሚከፋ ነገር የለም።

ጀልባ ነጂው ፉሞ መልእክትዎን አድርሶኛል። የምሠራበት ራዲዮ ጣቢያ በር ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የፓቴ ደሴቷ እናትሽ ‹ሰኞ ጠዋት ልጄን ምን አድርጋችሁት ነው ዝም ያለው?› ብለዋል» አለኝ። አፈርሁ። ልጅዎ አትማን ካረፈ ሦስተኛው ረመዳን ቢያልፍም የማለዳው ፕሮግራም አሁንም በተቀዳው ድምፁ ነው የሚከፈተው። እርስዎም ያንን «የባሕር ሰዎች፣ እንዴት አደራችሁ» ሳይሰሙ ሻይ እንደማይቀምሱ አውቃለሁ። እንግዲህ የሆነውን ልንገርዎ።

የጣቢያው ኮምፒውተር ሞልቶ ነበር። አለቃችን «የድሮውን አጥፉና ቦታ ይገኝ» ሲል፣ የቴክኒክ ሠራተኛው ሼ «የድሮው ከሚጠፋ እኔ ልጥፋ» ብሎ ተሟገተና ከሞምባሳ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ አስመጣ። ሼን ያስታውሱታል፤ በአትማን ቀብር ዕለት ደግፎ ከጀልባ ያወረደዎት ረጅሙ ሰው ነው።

እሑድ ከሰዓት ዲስኩን እሱ ገጠመው፤ የቀረውን ለእኔ ተወልኝ። የእኛ ማሽን የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው። በሊኑክስ አዲስ ዲስክ ሲጨመር በየትኛው ፎልደር በኩል እንደሚከፈት ይነገረዋል፤ ለዚህም ባዶ ፎልደር ይዘጋጅለታል። እኔ የላሙ ልጅ ምን አሰብሁ? እኛ ቤት ሲጠበን በወላጆቻችን ጣራ ላይ ፎቅ እንጨምራለን፤ በሩ ያው፣ ቤቱ ያው። ዲስኩም እንደዚያ የሚያሰፋልን መስሎኝ የአትማን ድምፅ ያለበትን ፎልደር ሰጠሁት። ማሽኑም ምንም አላለኝ። ደስ ብሎኝ ዘግቼ ወጣሁ።

ሰኞ ማለዳ ሰዓቱ ደረሰ፣ ድምፁ የለም። ፎልደሩን ብከፍተው ባዶ። እናቴ፣ አትማን ያን ጊዜ ዳግመኛ ሞተብኝ። ጩኸቴን ሰምቶ ሼ ሸሚዙን ገልብጦ እንደለበሰ እየሮጠ መጣ። አየት አድርጎ ሊስቅ ሲል ፊቴን አየና ተወው።

«አላጠፋሽውም እኮ» አለኝ። «አዲሱን ላዩ ላይ አስቀምጠሽበት ነው። የታችኛው አይታይም እንጂ እዚያው ነው። አዲሱን አንሺውና እዪ።»

አዲሱ ዲስክ ከፎልደሩ ላይ እንዲነሣ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፍሁ። ሁሉም እንደነበረ ቁጭ ብሏል። ሰላምታውን ከፈትሁት፤ አትማን ያን ጉሮሮ መጥረጉን እንኳ ሳያስቀር «የባሕር ሰዎች» አለ። አለቀስሁ። ሼ የጠፋው ነገር ያለ ይመስል ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ ቆየ።

ከዚያ ለአዲሱ ዲስክ ባዶ ፎልደር ሠራንለት። የአትማንን ድምፅ ወደዚያ እናዛውረው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ለመጠባበቂያ እንቅዳለት እንጂ እሱን ከቦታው ማን ያነሣዋል? አዲሱ የራሱ በር ይኑረው» አለኝ። ይህን ሲል ቀና ብሎ አላየኝም።

እናቴ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሼ ከአጎቱ ጋር በፉሞ ጀልባ ወደ እርስዎ ይመጣል። ለምን እንደመጣ ራሱ ይንገርዎ፤ እኔ አስቀድሜ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። የእርስዎን ቃል ሳልሰማ ምንም አልመልስለትም። ካልወደዱት ሻይ አጠጥተው ይሸኙልኝ፤ አልቀየምም። የማለዳው ሰላምታ ግን እርስዎ ምንም ቢሉ አይቋረጥም።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ጉልበትዎን ያበርታልኝ። እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን ስጨርስ «የልጅዎ ሚስት» ብዬ ነበር የምፈርመው። ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ፣ ከፈቀዱልኝ፣

ልጅዎ