ከመደርደሪያው ሥር የተንጠለጠለው መቀስ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰ.

ዛሬም ጨርቁን በምላጭ ቆረጥኩ። ጠርዙ ተንሻፈፈ። መቀሱ እዚያው ነው፣ ደብተሬ፤ ልጄ ነጃቴ እንደሰቀለችው። ከተበላሸው ሬዲዮ ያወጣችውን ማግኔት ከመደርደሪያው ሥር በሚስማር መታች። መቀሴ እንዳይጠፋብኝ ብላ ነው። ከዚያ ወባው መጣ፤ ወሰዳት። ሁለት ወር ሞላ። መቀሱን ማንም አልነካውም።

ማግኔቱ የሚደክመው ይመስለኛል። ቢለቀውስ? በቀትር ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ እየደራረብኩ የመቀሱን ጫፍ ከሥር እደግፈዋለሁ። ትንሽ ይረፍ። አባቷ አይቶኝ፣ ምሳም ስጪው እንጂ አለኝ። ስቆ ዞር አለ። ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ዝናብ። ባሮ ደፍርሷል። ታንኳዎቹ በጉሙ ውስጥ ያለ ድምፅ ያልፋሉ። ከቀትር በኋላ ሸለብ አድርጎኝ መቀሱ ሲወድቅ አየሁ። ወለሉ ውኃ ነበር። ዝም ብሎ ሰጠመ። ነቅቼ ላየው ሄድኩ። አለ።

የጎረቤታችን ልጅ መርየም የሰርጓን ሐር ይዛ መጣች። ሐር በምላጭ አይሆንም። ሐሙስ ነይ፣ እቆርጥልሻለሁ አልኳት። ምን ነካኝ?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9፣ ከቀኑ 10 ሰ.

የነጃት የሳይንስ አስተማሪ መ/ር ኡጁሉ የሸሚዝ ቁልፍ ሊያስተክል መጣ። ድጋፉን አይቶ ጠየቀኝ። ነገርኩት። አልሳቀብኝም። ማግኔቱ መቀሱን መጀመሪያ ሲስበው ሠርቷል፤ አሁን የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ ጉልበት አይጨርስም አለኝ። ፋኖሱን የያዘው ሚስማር ምን ይበላል? ሲያላቅቁት ግን የሚለፋው የእርስዎ እጅ ነው አለ።

«ታዲያ የእኔ ክንድ ለምን ደከመ?» አልኩት።

ለሰው ተናግሬው አላውቅም ነበር፣ ደብተሬ። ያን ቀን ከማለዳ ጀምሮ ታቅፌአት ነበር። አልተንቀሳቀስኩም። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ክንዴ ደነዘዘ። አልጋው ላይ አስተኛኋት። ክንዴን እስካሽ ድረስ ብቻ። ቀና ስል ትንፋሿ የለም።

ይህንንም ነገርኩት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል።

«የነጃት እናት» አለኝ፤ «ክንድ ሚስማር አይደለም። ዝም ብሎ ሲይዝም ውስጡ ይሠራል። ሥጋው ይጨብጣል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይጨብጣል። ሕይወት አለው። ለዚያ ነው የሚደክመው።»

ሸሚዙን ትቶ ሄደ። ቁልፉን ተከልኩለት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10፣ ከጠዋቱ 2 ሰ.

ጨርቁን ከሥሩ አነሳሁ። ቆሜ አየሁት። ንቅንቅ አላለም።

መርየም ልትመጣ ነው። መቀሱን አወርደዋለሁ። የሚለፋው የእኔ እጅ ነው ብሎኛል። ይልፋ። ሐሩን ቆርጬ ስጨርስ ወደ ማግኔቱ አስጠጋዋለሁ። ጠቅ ይላል። ነጃቴም በሰቀለችው ቀን የሰማችው ይህንኑ ድምፅ ነው።