ልብስ ሰፊዋን እያየሁ የሳቅሁበት ቲያትር

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤ ጤናህ እንደምን ከረመ? እኔ ደህና ነኝ።

እህትህ ከቲያትር ቤት ተባረረች ያሉህ ውሸት ነው፤ መጋረጃው እስኪዘጋ ተቀምጫለሁ። በዘፈን የታጀበ የሠርግ ኮሜዲ ነበር። ተዋንያኑ ግን ቃል አጥርተው አይናገሩም፤ መምህራችን ቢኖሩ በአርጩሜ ያቀኗቸው ነበር። ስለዚህ አጠገቤ የተቀመጠችውን የጎረቤቴን፣ የልብስ ሰፊዋን፣ ትከሻ እያየሁ፣ ሲነቃነቅ እስቅ ነበር። አንዴ ለካ ሳል ይዟት ኖሯል!

«እትዬ፣ ሙሽራው እኮ እያለቀሰ ነው!» ብላ ጆሮዬ ሥር ጮኸች። ሙሽራው ራሱ ልቅሶውን ትቶ ሳቀ፤ አዳራሹም አብሮት ፈነዳ። እንዲህ ከሳቅሁ ስንት ዘመኔ!

ስልክ አትደውል፤ ጆሮዬ እንደ ድሮው አይሰማም፣ የእጅ ጽሕፈትህ ይሻለኛል። እስክንተያይ ደህና ሁንልኝ።

ነገ በመጀመሪያ፣ ንዝረቱ እንዲቀሰቅሰኝ ሰዓቴን ከትራሴ ሥር አደርጋለሁ። ልብስ ሰፊዋንም በር ከምታንኳኳ በመስኮት እጇን እንድታወዛውዝልኝ እነግራታለሁ። ከዚያ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ።

ታላቅ እህትህ