ታካሚ ቁጥር ሰባት

ልጄ ንዋይ፣
የሰው አገር ብርድ አይንካህ፤ ባለህበት ኪዳነ ምሕረት ትጠብቅህ። እኛ ተመስገን አለን፤ የአዳሚ ቱሉ ሙቀትም እንዳለ ነው።

ጤና ጣቢያ የምትሠራው የጎረቤታችን ልጅ ልዩ፣ ስለ አጥንት በሽታው ያሳተምከውን ጽሑፍ በስልኳ አነበበችልን። ሌሎች ተመራማሪዎች አራት መቶ ጊዜ ጠቅሰውታል ብላ እልል አለች። እኔም እልል አልኩ፤ መቼም እናት ነኝ። አባትህ ግን እንደጎበጠ፣ "የኔ ስም የቱ ጋ ነው?" አላት። ራጅ ተነስተህ ላክልኝ ስትለው፣ ወገቡን ይዞ አዳማ ድረስ የሄደልህ እሱ አይደል? "ታካሚ ቁጥር ሰባት" የሚለውን አሳየችው። ከዚያ ወዲህ በስሙ ስጠራው "ሰባት በይኝ" ይለኛል።

ያጎበጠው የጉድጓዱ ውሃ ነው ብለህ ጽፈሃል። ከጠቀሱህ ሰዎች አንድም መጥቶ ጉድጓዱን አላየም፤ ዛሬም የምንጠጣው እሱኑ ነው። የእህትህ ልጅ ማርቲ የወተት ጥርሷ ወልቆ፣ አዲሱ እንደ አባትህ ጥርስ ቡናማ ሆኖ ወጣ።

እግዜር ስምህን ከዚህም በላይ ያስጠራው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ማርቲን ስምንት ብለህ ሳትጽፋት፣ የውሃውን ነገር ለሚመለከተው ሰው ጻፍልን።

እናትህ ጥሩነሽ